ቀይና አረንጓዴ ማልያ

ደብረ ብርሃን ላይ የፕሌይስቴሽን ቤት አስተዳድራለሁ። በታኅሣሥ ብርድ ወጣቱ ወደ እኛ ይገባል፤ ባለፈው ገና ሰሞንም የእግር ኳስ ጌም ውድድር አዘጋጅቼ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው አንድ ዝምተኛ ልጅ አረንጓዴ ማልያ ደረሰው፤ ባላጋራው ቀይ ለበሰ። እስከዚያ ድረስ ማንንም ሲረታ የነበረው ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ኳስ ለባላጋራው አቀበለ። ቤቱ ተናወጠ። «ሸጠው! ገንዘብ በልቷል!» አሉ። እኔም ሳልጠይቀው ጆይስቲኩን ከእጁ ወስጄ አስወጣሁት። አንድ ቃል አልተናገረም። አሁንም የሚቆጨኝ ይኸው ነው፦ ዝምታውን ጥፋቱን እንዳመነ አድርጌ ቆጠርኩት።

በሁለተኛው ቀን እናቱ መጡ። ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። «ልጄን ሌባ አልከው አሉኝ» አሉ በዝግታ። «የእኔ ልጅ ቀዩን በርበሬ ብቻ ልቀም ስለው አረንጓዴውን ቀላቅሎ የሚያመጣ ነው። ወንድሜም እንዲሁ ነበር።»

የምመልሰው አጣሁ። ያን ምሽት ስለ ጉዳዩ አነበብኩ። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በአብዛኛው የሚወረሰው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የዘር መረጃ ከሚያስተላልፉት የሴል ክፍሎች አንዱ በሆነው በኤክስ ክሮሞሶም ነው። ወንድ ያለው ከእናቱ የወረሰው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ሌላ የለም፤ ስለዚህ አጎትና የእህት ልጅ መመሳሰላቸው የሚገርም አይደለም። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። በእኛ አህጉር ቁጥሩ ዝቅ ቢልም፣ በእኔ ቤት ያለፉት ልጆች ብዛት ሲታሰብ እርሱ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም። ስንቶቹን «ዐይንህ የት ነው?» ብዬ እንደተቆጣሁ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን 5ን ከፍቼ የተደራሽነት ክፍሉን ፈለግሁ። ሁልጊዜ የማልፈው መስመር ነበር። ቀለም ማስተካከያ፣ ፊደል ማጉያ፣ የጆይስቲኩን ቁልፎች ቦታ መቀየሪያ፣ ንዝረቱን ማጥፊያ፤ ሁሉም እዚያው ተቀምጧል። ጆይስቲኩ ሲነዝር ደንግጦ የሚጥለው ሌላ ታዳጊ ትዝ አለኝ፤ ቀልድ መስሎን ስቀንበት ነበር። ለዝምተኛው ልጅ ግን ይህ ሁሉ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ማልያ መቀየር ይበቃ ነበር።

ገበያ ወርጄ ልጁን በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በማግስቱም «ሸጠው» ሲሉ የነበሩትን ሰብስቤ፣ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ጨዋታውም ከመጀመሪያው እንዲደገም ወሰንኩ። ለእርሱ ነጭ፣ ለባላጋራው ጥቁር ሰማያዊ ማልያ መረጥኩ። ልጁ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየ።

«ጋሼ፣ የበረኛቸው ማልያስ ምን ዓይነት ነው? ከሣሩ አልለየው አለኝ» አለኝ።

አረንጓዴ ነበር። ተመልሼ ቀየርኩት።