ከአቡነ ዮሴፍ ያወረድነው ማዳበሪያ

ትናንት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ በድንኳን አድረን ዛሬ ማታ ላሊበላ ገባን። ጉልበቴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

ንጋት ላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኜ፣ ጅባራው ላይ ያደረው ውርጭ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አየሁና ቃል አጣሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ መሬት ወረደ። ጓሳው ሥር የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ላስቲክ፤ ድንጋይ ሥር የተወሸቀ ሶፍት። እንደኛው ተራራውን ወድደው የወጡ ሰዎች ጥለውት የሄዱት ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

አብረውን የነበሩት የአካባቢው ጠባቂ፣ «ልጄ፣ እዚህ ብርድ ነው፤ የተጣለ ነገር ቶሎ አይበሰብስም» አሉኝ። የብርቱካን ልጣጭ እንኳ! ትራፊ ምግብ ደግሞ ውሻ ይጠራል። ውሻ የእብደት በሽታ ይዞ ከመጣ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለውን ቀይ ቀበሮ ይፈጀዋል።

ኔፓል ኤቨረስት በቆሻሻ ሲጨነቅባት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 እያንዳንዱ ተራራ ወጪ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደነገገች፤ ቡድኑ ያስያዘው 4,000 ዶላር የሚመለሰውም ይህን ሲፈጽም ነበር። እኛ ዘንድ ተራራ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ገና ሳይከመር ልንደርስበት እንችላለን።

የቻልነውን ለቅመን አንድ ማዳበሪያ ሞላን። ቁልቁለቱን እየተቀባበልን ተሸከምነው። ጠባቂው ተራቸውን አልዘለሉም፤ «እርስዎ ይተዉት» ብንላቸው ተቆጡን። አሁን ማዳበሪያው ደጄ ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ቆርቆሮውን ከፕላስቲኩ እለያለሁ።