ፑሚስ በባልዲ

አዳማ ያለው የናሙና ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ድንጋይ ተቀምጧል። አንዱ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ሌላው ከጉድጓድ ተቆርጦ የወጣ የድንጋይ ናሙና (ኮር) ነው፤ ኢግኒምብራይት የሚባል፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ ድንጋይ፤ አረንጓዴ የወረሰው፣ ጠጣር፣ በነጭ መስመር የተሰነጠቀ።

ለእንፋሎት ጉድጓድ (ከመሬት በታች ያለው ትኩስ ውሃና እንፋሎት ለኤሌክትሪክ የሚወጣበት) ቦታ ሊመርጥ የመጣው ወጣት ኢንጂነር ፑሚሱን አነሳ። «ውሃ የሚያሳልፍ ይኼ ሁሉ ቀዳዳ እያለ ምን ያከራክረናል? ፑሚሱ የወፈረበት ጋ እንቆፍር።» ሲሰሙት ያሳምናል።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን «እስቲ ያቺን ባልዲ አቀብለኝ» አሉት። ፑሚሱን ጣሉት፤ ተንሳፈፈ። «አየህ፣ ቀዳዳው ሞልቷል፤ ውሃው ግን እንደልቡ አይገባም።» ጥልቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ፑሚስ መስታወታማ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ወደ ሸክላ አፈር ይቀየራል። ሸክላ ከላይ ሆኖ ሙቀቱን ቢከድን ጥሩ ነው፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ግን አይጠበቅም።

ቀጥሎ ኮሩ ነጭ መስመር ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። ቸስ! አረፋ ደፈቀ። ካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ሙቅ ውሃ ፈላ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አመለጠ፣ ካልሳይቱ ቀርቶ መንገዱን ደፈነው። አረንጓዴው ኤፒዶት የሚባል ማዕድን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ 240 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው የሚፈጠረው። ሙቀቱም ውሃውም እዚህ ነበሩ ማለት ነው።

ኢንጂነሩ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ይኼም ተደፍኗላ» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። የተደፈነን ስንጥቅ መልሶ የሚከፍተው የመሬቱ መንቀሳቀስ ነው። ስምጥ ሸለቆው አሁንም እየተለጠጠ ነው፤ የወንጂ ስንጥቆችም በአዳማ በኩል ያልፋሉ። አዳማ አጠገብ ቦኩ ላይ ሰው የሚታጠንበት እንፋሎት ያለ ስንጥቅ አይወጣም።

በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ ተራራም ያው ነው። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 8 ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከተራራው ውጪ ያሉት ቀዝቀዝ አሉ፤ ተራራው ላይ በስንጥቁ መስመር የተቆፈሩት ግን ከ300 ዲግሪ በላይ አገኙ። ነዳጅ ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ጣቢያ የተተከለውም እዚያው ተራራው ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ ኢንጂነሩ የስንጥቅ ካርታውን ዘርግቶ ጠበቀን። የመረጠው ነጥብ ወደ ስንጥቆቹ፣ ወደ ምሥራቅ ተገፍቷል። ጋሼ አልተቃወሙም። አሁን ያጨቃጨቀን ሪጉ (የመቆፈሪያው ማሽን) እዚያ ድረስ የሚገባበት መንገድ ወጪ ነው።