የጣና ልጅ ግብጽ ሄዶ ታንኳ አይቶ መጣ

ሥራዬ ሰው ማስጎብኘት ነው። ባህር ዳር ወደቡ ጋ እንግዳ ተቀብዬ ጀልባ ላይ አሳፍሬ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ቀን ያለው ሰው ከመጣ ደግሞ እስከ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ድረስ፣ እድሜዬን የጨረስኩት "ይሄ በእገሌ ንጉሥ ዘመን ተሠራ" እያልኩ ነው፣ እና አንድም ቀን ራሴ ቦርሳ አንግቼ የሰው አገር ታሪክ ለማየት ሄጄ አላውቅም ነበር። ከኮሮና ጀምሮ ሥራው ቀዘቀዘ፣ ከዛም በሰላሙ ጉዳይ ጭራሽ እንግዳ ጠፋ፣ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለን ካርታ እንጫወታለን።

መስከረም ላይ እቁብ ወጣልኝ። ጓደኞቼ ባጃጅ ግዛ አሉ፣ ወንድሜ ቦታ ግዛ አለ (በዛ ብር ቦታ የት እንደሚገኝ እሱ ይንገረን)፣ እኔ ግብጽ እሄዳለሁ አልኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዛ እስኪበቃቸው ሳቁ። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት፣ ጾመ ጽጌ ላይ ነበረችና እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት አገር ነው ብላ "እንግዲያ ካልቀረልህ ያረፈችበትን ዋሻ ስመህልኝ ና" አለችኝ።

ለምን ግብጽ ላላችሁኝ፣ ውሃው ነዋ። አባይ ከጣና የሚወጣው ከኛው ከተማ ነው፣ ልጅ ሆነን ድልድዩ ላይ ቆመን ቅጠል ስንጥል "ይሄ ካይሮ ይገባል" ይሉን ነበር። ግብጽ ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ነው የሚሄደው፣ እና ውሃው በየዓመቱ የሚሄድበትን አገር እኔ አንዴ እንኳን ባላየው ሞኝነት መሰለኝ።

የፓስፖርቱን ታሪክ ዝለሉት። የቪዛውን ግን ልንገራችሁ ምክንያቱም ብር የበላኝ እሱ ነው። ለኛ ቪዛው ከመሄዳችሁ በፊት አልቆ ነው የምትነሱት፣ እኔ ደግሞ ከባህር ዳር አዲስ አበባ መመላለሱን ፈርቼ ለአንድ ኤጀንት ሰጠሁት (ስሙን አልጠራም)፣ በሁለት ሳምንት ያለኝን ከወር በላይ አጉላላኝ፣ መጨረሻ ላይ ተናድጄ ራሴ ሄድኩና የሆቴል ቡኪንግ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የባንክ ስቴትመንትና የሥራ ደብዳቤ አስገብቼ ጨረስኩት። ያው ኤጀንቱም የሚያስገባው እነዚህኑ ነበር። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም እንዳትረሱ፣ ኤርፖርት ላይ አንዱ ልጅ ረስቶ ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ።

የሄድኩት ታኅሣሥ ላይ፣ የገና ጾም ውስጥ ነው። ሁሉም "ጾም ይዘህ የሰው አገር ምን ትበላለህ" ሲለኝ ነበር፣ እኔም ሁለት ኪሎ በሶ ቋጥሬ ሄድኩ፣ በሶው እንዳለ ተመለሰ። ፉል እኛ ጋ ቁርስ ቤት የምንበላው ፉል ነው፣ ባለቤቶቹኮ እነሱ ናቸው፣ ያለ እንቁላል በሉ ብቻ። ደግሞ ኩሸሪ የሚባል አለ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ ሽምብራ አንድ ላይ ተደባልቆ ላዩ ላይ ስልስና የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ስሰማው አስቀየመኝ ስበላው ሁለተኛ ሰሃን አዘዝኩ።

አሁን ዋናው ምክሬ። ሰው ሁሉ ካይሮ አርፎ እዛው ፒራሚድ ይጀምርና ደክሞት ወደ ደቡብ ይሄዳል። እኔ ካይሮ እንደገባሁ በማግስቱ የሌሊት ባቡር ይዤ አስዋን ወረድኩ፣ ወረድኩ ስል ካርታው ላይ ነው እንጂ ወንዙን ሽቅብ ነው የሄድኩት፣ ከዛ እንደ ውሃው ከአስዋን ወደ ሉክሶር ከሉክሶር ወደ ካይሮ ተመለስኩ። ባቡሩ 13 ሰዓት ገደማ ፈጀ፣ ኤሲው እንደ ደብረ ታቦር ብርድ ነው፣ ጋቢ ይዤ ባልሄድ አልቆልኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋቢውን በእጁ ዳስሶ ከየት ነህ አለኝ፣ "ሀበሻ" ስለው ወዲያው "ሰድ!" አለ፣ ግድብ ማለቱ ነው። ሕዳሴ ከተመረቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ምን ልበል? ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። ከዛ በኋላ የታክሲ ሹፌር ሁሉ "ሰድ" ሲለኝ ብርቱካኗን እያሰብኩ እስቃለሁ፣ አንድም የተጣላኝ የለም።

አስዋን ላይ የመጀመሪያው በር ላይ ተዋረድኩ። ትኬት በካሽ አንሸጥም፣ በካርድ ብቻ። ካርድ አለኝ ግን ባንኩ ለውጭ አገር ክፍያ አልከፈተልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች አዝነው በካርዳቸው ከፈሉልኝና ካሹን ሰጠኋቸው፣ ወደቡ ላይ ስንት እንግዳ "ካርድ አትቀበሉም?" ብሎኝ ስቄበት ነበር፣ ያ ሁሉ ትዝ አለኝ። ከመነሳታችሁ በፊት ካርዱን አስከፍቱ፣ አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ሳትወጡ ቡና ግዙበትና ሞክሩት።

የገባሁበት ቦታ ያላለቀው ሐውልት የሚባለው ነው። 42 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ወጥ ሐውልት ከግራናይት አለቱ ሳይለይ እንደተኛ ቀርቷል፣ ሲሠሩት ተሰነጠቀባቸውና ትተውት ሄዱ። ክብደቱ ከ1,000 ቶን በላይ ይገመታል፣ የአክሱሙ ትልቁ፣ የወደቀው፣ 33 ሜትር ነው፣ አስቡት። ግን እኔን የገረመኝ ቁመቱ አይደለም። ጠባቂው ከመሬት አንድ ጥቁር ድቡልቡል ድንጋይ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ዶለራይት ነው፣ ከግራናይቱ የሚጠነክር ድንጋይ፣ በዚህ ነው እየቀጠቀጡ የፈለፈሉት። በብረት አይደለም። ሐውልቱ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ የምቱ ምልክት ሰው ትናንት የተወው ይመስል ተደርድሯል። ይሄን አይቶ ካርናክ፣ ሉክሶር ያለው ትልቁ መቅደስ፣ የሚሄድና ሳያይ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አያዩም፣ እኔ ንግሥት ሐትሼፕሱት ያቆመችውን ሐውልት ካርናክ ላይ ቀና ብዬ ሳይ እጄ ላይ የዛች ድንጋይ ክብደት ነበረ።

ኤለፋንታይን ደሴት ላይ ደግሞ ኒሎሜትር አለ፣ የወንዙ መለኪያ፣ ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃ ነው ግድግዳው ላይ መስመር መስመር አለው። ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ እያዩ የዓመቱን እህልና ግብር የሚገምቱት በዚህ ነበር፣ ማለት የኛ የነሐሴ ዝናብ ነው እዛ ደረጃ ላይ የሚነበበው። ታላቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉም ደለሉም እዛ አይደርስም። ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው። ነሐሴ ላይ ጢስ አባይ የሚወርደውን ቡና የመሰለ ውሃ ለሚያውቅ ሰው አባይ ታጥቦ ሌላ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው።

አቡ ሲምበል ሳልሄድ ቀረሁ፣ ሌሊት ተነስቶ በመኪና ረጅም መንገድ ነው፣ ሰነፍኩ። ግድቡ ሲሠራ ውሃ እንዳይውጠው መቅደሱን እየቆራረጡ 65 ሜትር ከፍ አድርገው እንደገና እንደገጠሙት ሳነብ ነው የቆጨኝ።

ሉክሶር ላይ አስጎብኚ ቀጠርኩ፣ የሙያ ወንድሜን ላግዝ ብዬም ነው። ጎበዝ ልጅ ነው እንግሊዝኛው ይፈሳል፣ ግን ካርናክ 134ቱ ምሰሶዎች መሃል ገብቼ አፌን ከፍቼ ቀና ባልኩበት ሰዓት ሥርወ መንግሥት 18፣ ሥርወ መንግሥት 19፣ ሴቲ፣ ራምሴስ፣ ይሄን ያህል ሜትር እያለ ያወርደዋል። ዝም በልልኝ ልለው አፈርኩ። ከዛ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ድምፁ የኔ ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሰውዬው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ገና ሲያይ እኔም እንዲሁ ነው የማወርድበት። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ፣ ካልጠየቀኝ አምስት ደቂቃ አልናገርም። ይከብዳል።

የሐትሼፕሱት መቅደስ ጋ ግን ብቻዬን ሄድኩ። ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት ምድር መርከብ የላከች ንግሥት ናት፣ ታሪኩን ግድግዳው ላይ አስቀርጻዋለች፣ የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ ቅርጫት ውስጥ ተክለው ተሸክመው ሲጭኑ ይታያል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ያከራክራል፣ ብዙ ምሁራን ግን ወደኛው ወደ ደቡብ ቀይ ባሕር አካባቢ ያደርጉታል። ጠባቂው ሀበሻ መሆኔን ሲሰማ እጄን ይዞ "ፑንት! ፑንት!" እያለ ወሰደኝ፣ አንድ አንድ ዛፉን አሳየኝና ሲጨርስ መዳፉን ዘረጋ። ዘመድ ነን ብዬ ልሸውደው አስቤ ነበር፣ ሰጠሁት።

ካይሮ ላይ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ በይፋ የተመረቀውን ታላቁን ሙዚየም አየሁ፣ የቱታንካሙን ብቻ ከ5,000 በላይ ዕቃ ነው፣ በግማሽ ቀን አይሞከርም፣ እግሬ ከዳኝ። ፒራሚዱ ያው ፒራሚድ ነው፣ ከነፎቶው ከምታስቡት ይበልጣል፣ ትልቁ፣ የንጉሥ ኩፉው፣ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ድንጋይ ነው ይላሉ። ግመል ላይ በርካሽ አውጥቶ ለማውረድ ሌላ ብር የሚጠይቅ ሰው አለ፣ እኔ የወደብ ልጅ ስለሆንኩ ዓይኑን አይቼ አወቅኩት፣ እናንተ ግን ተጠንቀቁ። ውስጡ ልግባ ብዬ ተጨማሪ ከፍዬ ነበር፣ ጎንበስ ብላችሁ በሙቀት ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ትልቅ ክፍል ትደርሳላችሁ፣ ክዳን የሌለው የግራናይት ሳጥን አለ፣ አለቀ። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል የለም። የኛ ቤተ ክርስቲያኖች ሥዕል የሌለበት ቦታ ስለማያውቁ ይሁን አላውቅም ቅር አለኝ። ያን ብር ሳቃራ ላይ አውጡት።

ሳቃራ የሄድኩት ደረጃ ደረጃ የሆነውን የጆሴርን ፒራሚድ ለማየት ነበር፣ አይቼው አለፍኩ፣ ልቤን የወሰደው የባለሥልጣኖቹ መቃብር ነው። መረሩካ የሚባል የንጉሡ ዋና ሹም ከ30 በላይ ክፍል ያለው መቃብር አሠርቷል፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገና በሩ ጋ ግድግዳው ላይ ሰዎች በደንገል ታንኳ ሆነው ጉማሬ ይወጋሉ። ታንኳዋ ታንኳ ናት! አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ ወገቧ ላይ ታስራ ታስራ፣ ከሥሯ ዓሣ። ጉማሬው አፉን ከፍቷል፣ አባይ መውጫው ጋ ሲያዛጋ እንደምናየው። ከዛ ፕታህሆቴፕ የሚባለው መቃብር ውስጥ ደግሞ ደንገል ተሸክመው የሚመጡ፣ ታንኳውን የሚያስሩ፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። ይሄን ሥራ እኔ ወይጦ ሰፈር ልጅ ሆኜ ቁጭ ብዬ ሳይ ነው ያደግኩት። የዛን ዕለት ብዙ ፎቶ አነሳሁ፣ ስልኬ ሞላ፣ የፒራሚዱን አጠፋሁለት።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው የጥንቱን የግብጽ የደንገል ጀልባ ሠርቼ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ውሃ ጠግባ ተበላሸችበት፣ በዓመቱ በሌላ ተሻገረ።

ለዚህም ነው የፓፒረስ ሱቅ ውስጥ የሳቅኩት። ሻጩ ሥዕል ዘርግቶ "ኦሪጅናል ፓፒረስ" አለኝ፣ ፓፒረስ ማለትኮ ደንገል ነው። ብርሃን ላይ አነሳሁት፣ የተነባበረው ልጥ አግድምና ቁልቁል ሲተላለፍ አይታይም፣ ጫፉን ሳጥፈው ስንጥቅ አለ። የሙዝ ቅጠል ነው። ምንም ሳልል ስልኬን አውጥቼ የጣናን ደንገል አሳየሁት፣ እሱም ምንም ሳይል ያንን አጥፎ ከጓዳ ሌላ አመጣ። ያኛው እውነተኛ ነበር፣ ዋጋውም እንደዛው።

የእናቴን አደራ መጨረሻ ቀን አደረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ካይሮ አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅድስት ቤተሰብ አርፈውበታል የሚባለው ዋሻ ከሥሩ ነው። ቅዳሴ ላይ ደረስኩ፣ በዐረብኛና በቅብጥ ነው አንድ ቃል አይገባኝም፣ ጥግ ይዤ ቆሜ ሳለ ድንገት "ኪርያላይሶን" ሲሉ ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ ተቀበልኩ። አጠገቤ ያሉት እናት ዞር ብለው አዩኝና ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። እስከ 1951 ዓ.ም ድረስ የራሳችን ፓትርያርክ አልነበረንም፣ ጳጳስ ሲላክልን የኖረው ከነሱ ነው፣ ይሄን ለእንግዳ መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ።

ባህር ዳር የገባሁ ሰሞን ወይጦ ሰፈር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ጋ ሄድኩ፣ ልጅ ሆኜ የማያቸው ናቸው። ደንገል ከምረው እያሰሩ ነበር። ስልኬን ሰጠኋቸው፣ ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁላቸው፣ "አባባ ይሄ ከ4,000 ዓመት በላይ ነው" አልኳቸው። እሱን የሰሙኝም አይመስለኝም። መነጽራቸውን ወደ ግንባር አውጥተው ገመድ የሚጎትተውን ሰውዬ ብዙ አዩት።

"ይሄማ" አሉ ስልኩን እየመለሱልኝ፣ "ማታ ወገቡን ነው የሚያመው።"