በዱባይ የተማርኩት፣ በቱሉ ዲምቱ የምቀዳው

በዱባይ አንድ ሆቴል የመጠጥ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው፣ አልኮል ለማይቀምስ እንግዳ የሚሰጠው ክብር ነበር። ለእሱም የራሱ የመጠጥ ዝርዝር ይቀርብለታል፤ ብርጭቆው አስቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ሎሚው ካዘዘ በኋላ ይጨመቃል፤ ናናውም ዓይኑ እያየ ይቀነጠሳል። በረመዳን ወር ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከቴምሩ ጎን ከደረቀ አፕሪኮት የሚዘጋጀው ቀመረዲን፣ በቴምርና በወይን ሞላሰስ ተሠርቶ የጽጌረዳ ውሃ የሚጨመርበት ጀላብ፣ እንዲሁም ቪምቶ ይደረደራሉ። ቪምቶ እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ የተፈጠረ ቢሆንም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ እሱ ማፍጠሪያ የሚታሰብ አይመስልም። እኔ ግን ያንን ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር የሚናፍቀኝ የአዲስ አበባ ጁስ ቤት ነበር፤ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተነባብሮ፣ ቪምቶው ከላይ ፈሶበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት በማንኪያ የሚበላው ስፕሪስ።

አገሬ ተመልሼ በከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በየድግሱ የማስተውለው ነገር ያሳዝነኛል። ጠላው ከተጠነሰሰ፣ ጠጁ ከተጣለ ሳምንታት ያለፉት ነው፤ ቢራውም በሣጥን ተቆጥሮ ገብቷል። ለነፍሰ ጡሯ፣ መኪና ለሚያሽከረክረው፣ መድኃኒት ላይ ላለው፣ በእምነቱ ምክንያት አልኮል ለማይነካው እንግዳ ግን የሚተርፈው "ምን ለስላሳ ይምጣልህ?" የሚል ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሚመጣለትም ወደ 30 ግራም ገደማ ስኳር የሟሟበት አንድ ጠርሙስ ነው። ይህ ከባህላችን የመጣ ነው ብዬ አላምንም፤ ብርዙን፣ ቀሪቦውን፣ የተልባውንና የሱፉን ውሃ አሳምረው ለእንግዳ የሚያቀርቡ እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ነንና።

ስለዚህ እዚያ የቀሰምኩትን ሙያ እዚህ ገበያ ላይ በሚገኘው ነገር መሥራት ጀመርኩ። አዘውትሬ የማዘጋጀው የዝንጅብል፣ የሎሚና የበሶብላ ቅይጥ ነው። ስኳር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ አስቀድሜ እኩል ስኳርና ውሃ አሙቄ አሟሟዋለሁ፤ ከምድጃው እንዳወረድኩትም የተከተከተ ዝንጅብልና የሎሚውን አረንጓዴ ልጣጭ ብቻ እጨምርበታለሁ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ግን ስለሚመር አይገባም። ሲበርድ አጠለዋለሁ፤ ሽሮፕ የምለው ይህንን ነው። በሶብላውን መፍጨት አያስፈልግም፤ ቅጠሉን በሁለት መዳፍ መካከል አድርጎ አንዴ ጠንከር አድርጎ መምታት ሽታውን ያወጣዋል፤ ብዙ ከተደቆሰ ግን ሣር ሣር ይላል። በብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው አደርጋለሁ፤ ጨው ምሬትን ያለዝባልና።

የመጨረሻው አምቦ ውሃ ነው፤ እሱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። አምቦ ባይካርቦኔት የበዛበት የማዕድን ውሃ በመሆኑ የሎሚውን አሲድ ሲያገኝ ድንገት አረፋ ደፍቆ ይነሣል፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በጎኑ በኩል ቀስ እያሉ ካልቀዱት ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ከኮምጣጣነቱም ጥቂት ስለሚቀንስ ሎሚው ተራ ሶዳ ከሚፈልገው ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። ጋዝ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተሻለ ስለሚቆይ አምቦው ራሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደር ይኖርበታል፤ በረዶ ብቻውን ይህን አይተካም። አምቦ የገባበት መጠጥ በሼከር አይናጥም፤ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

በረዶውንም ቸል ማለት አይገባም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኞቻችን ከበርሜልና ከሮቶ እንቀዳለን፤ መቀዝቀዝ ደግሞ ጀርምን አይገድልም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በዚህም ምክንያት መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። የበረዶ ውሃዬን ሁልጊዜ እንዲህ አፍልቼ ነው የምሠራው፤ ትልልቅ አድርጌም አቀዘቅዘዋለሁ፤ ቶሎ አይቀልጥም፤ መጠጡንም አያቀጥነውም።

ብርዝንም በዚሁ መንገድ አሳምራለሁ፤ ማሩን በለብ ያለ ውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ቀረፋና ጥቂት ሎሚ እጨምርበታለሁ። ብርዝ ሲቆይ በራሱ ጊዜ መፍላት ይጀምራልና በተበጠበጠበት ቀን መጠጣት አለበት። ቀሪቦም እርሾ የሚገባበት በመሆኑ፣ አልኮል ፈጽሞ ለማይነካ ጎረቤት ከማቅረቤ በፊት እርሾ እንዳለው እነግራለሁ፤ እንግዳን ማክበር ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ ከእኛ በላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ለቡና መጥተው የዝንጅብሉን ሰጠኋቸው። ጎንጨት ካሉ በኋላ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ቅጠሉን ተመለከቱ።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ለስላሳ አይደለም፤ ምን አደረግሽበት?"

"ሎሚና ዝንጅብል ነው እማማ፤ ቅጠሉ በሶብላ ነው፤ አምቦውን መጨረሻ ላይ ነው የጨመርኩት።"

"በሶብላ ከበርበሬ ጋር እንጂ እንዲህም ይሆናል እንዴ! በይ እንግዲህ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ አንቺ ነሽ የምትቀጂልን።"

ለክርስትናው የጻፍኩላቸውን ልክ ለሚፈልግ ሁሉ እነሆ፦ ለ20 ብርጭቆ 400 ግራም ስኳር በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ከ30 የማያንስ ሎሚ ተጨምቆ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ ይወጣዋል፤ 3 ሊትር አምቦ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ይቀዘቅዛል። ሽሮፑ በዋዜማው ተሠርቶ ማደር ይችላል፤ ሎሚው ግን በዕለቱ ጠዋት ይጨመቅ፤ አምቦውም እንግዳው ከመቀመጡ በፊት አይከፈት። መብራት የሚጠፋ ከሆነ በረዶውን በፌስታል ቋጥሮ፣ በወፍራም ጋቢ ጠቅልሎ በባልዲ ማስቀመጥ ለረጅም ሰዓት ያቆየዋል።