ፒኤች ሲወርድ ቫልቭ መክፈት

የቦይለራችንን ጭስ በኖራ ድንጋይ አጥቦ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን የሚይዘው ታንክ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲበዛ ይወርዳል) 4.6 ላይ ወርዷል፤ የስላሪው፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ውሃ ድብልቁ፣ ቫልቭ መቶ በመቶ ተከፍቷል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ንባብ ግን ሽቅብ ይወጣል። የሺፍት ኃላፊያችን ያን ጊዜ የተናገሩት አሁንም ያንገበግበኛል። «ድሬዳዋ ላይ ተቀምጠን የኖራ ድንጋይ ቸገረን ልትሉኝ ነው? ጨምሩበት!»

ተጨመረበት። ፒኤች ንቅንቅ አላለም።

ሒሳቡ የታወቀ ነው። አንድ ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለመያዝ 1.56 ቶን ንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ይጨመርበታል። ታንኩ ውስጥ አየር የሚነፋው ብሎወር በቂ ከነፋ 2.7 ቶን ያህል ጂፕሰም ይወጣል። ይህ ሁሉ ግን ድንጋዩ ከሟሟ ነው። ያልሟሟ ዱቄት ታንኩ ውስጥ ሲዞር ፓምፑን ይበላል እንጂ ጋዙን አይነካውም።

መጀመሪያ ፒኤች የሚለካው ኤሌክትሮድ ተጠረጠረ፤ ቅርፊት ሲይዝ ይዋሻልና። ወጥቶ በቀጭን አሲድ ታጠበ፤ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ማመሳከሪያ ፈሳሾች (በፈር) ተስተካከለ፤ ተመልሶ ሲገባም ያው 4.6 ሆነ። ያኔ የላብራቶሪዋ ልጅ ጂፕሰሙን ከውሃው ከሚለየው ፊልተር ላይ እፍኝ የጂፕሰም ኬክ ይዛ ኮንትሮል ሩም ገባች። ትንሽ ሳህን ላይ አድርጋ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረገችበት። ኬኩ ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ጤነኛ ጂፕሰም እንዲህ አያደርግም።

«ጋሼ፣ ይኸው ድንጋዩ። ሳይሠራ ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያው ድንጋዩ መጥፎ ነው ማለት ነዋ!»

«አይደለም ጋሼ። የመጋዘኑን ዱቄት ጠዋት ሞክሬዋለሁ፤ አሲድ ውስጥ ወዲያው ነው የሟሟው። ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ በ44 ማይክሮን ወንፊት አልፏል። ታንክ ከገባ በኋላ ነው የተበላሸው።»

እሳቸው ስልክ አነሱ። እሷ ግን ስላሪውን በብርጭቆ ቀድታ ብርሃን ላይ ያዘችው፦ ነጣ ማለት ሲገባው ግራጫ ሆኗል። አመድ ነው። ከቦይለሩ ቀጥሎ ያለው፣ የጭሱን አመድ በከረጢት የሚያስቀረው ባግ ፊልተር ከረጢቱ ተቀዶ አመድ እያሳለፈ ነበር። ከባግ ፊልተሩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ከወትሮው መውረዱን ያየ ሰው «ዛሬስ ፊልተሩ ንጹህ ነው» ብሎ መዝገቡ ላይ ጽፎ አልፎታል። የተቀደደ ከረጢት ልዩነቱን ያወርደዋል፤ የወረደ ንባብ ሁሉ የምሥራች አይደለም።

የአመዱ አሉሚኒየምና ከድንጋይ ከሰሉ ጋዝ የሚመጣው ፍሎራይድ ስላሪው ውስጥ ሲገናኙ የኖራ ድንጋዩን ቅንጣት ገጹን ይለብጡታል። የተለበጠ ቅንጣት አይሟሟም፤ ፒኤች ይወርዳል። አውቶማቲኩ ደግሞ ፒኤች በወረደ ቁጥር ቫልቭ መክፈት ብቻ ነው የሚያውቀው።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው። ቫልቩ ወደ ማኑዋል ተመልሶ ተቀነሰ፤ የቦይለሩ ጭነት ወረደ፤ ከጂፕሰሙ ፊልተር የሚመለሰው ውሃ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ተለቅቆ ንጹህ ውሃ ተተካ፤ ፒኤቹን እንዲያነሳ ኮስቲክ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ገባ። የተቀደደበት የከረጢት ረድፍ ተዘግቶ ተለወጠ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልባጡ ሲለቅ የተከማቸው ድንጋይ ሁሉ ባንዴ መሟሟት ይጀምራል። ፒኤች ከ6 ካለፈ ገና ጂፕሰም ያልሆነው ሰልፋይት ስላሪውን የሚረጩት አፍንጫዎች ላይ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ፒኤች 5.4 ላይ ተረጋግቶ መውረድ እስኪጀምር ድረስ ቫልቩን መንካት አያስፈልግም።

ሪፖርቱ ላይ «የኖራ ድንጋይ የጥራት ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። የልጅቷ የመጋዘን ናሙና ውጤት አልተያያዘም። ንጹህ ድንጋይ ያመጣው ሰውዬ ክፍያው ታገደበት፤ ባግ ፊልተሩ ስሙ ስላልተነሳ የቀሩት ረድፎች አሮጌ ከረጢት እንደያዙ እስከ ዓመታዊ ጥገናው ሠሩ።