በፖስታ የሚላክ ኤስኬፕ፦ ከቲመክስ ውስጥ ወደ ላፕቶፕ ተርሚናል

ቱሉ ዲምቱ፣ ሐምሌ

ክረምት ሲገባ እዚህ ከከተማው ዳር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ያበዛል። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤችም አብሮ ይቆረጣል። በሩቅ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው፤ መስመሩ ቢበጠስም ሥራው እዚያው እንደተከፈተ ይቆያል፣ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ገብቶ መቀጠል ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ለላፕቶፑ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትና ውጤቱ የሚታይበት መስኮት) የሚልከው መልእክት ግን መንገድ ላይ ይቀራል። «ይህን ጽሑፍ ክሊፕቦርድ ውስጥ አስገባልኝ» ብሎ ይልካል፤ ምንም አይገባም፣ ስህተት የሚልም የለም።

ቲመክስ ራሱ ተርሚናል ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፕሮግራሙ የላከውን እያንዳንዱን ባይት ያነባል፣ የገባውን በራሱ ሰሌዳ ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያ ሰሌዳውን ለውጪው ተርሚናል እንደገና ይሥላል። ያልገባውን ወይም ያልተፈቀደውን ትእዛዝ ይጥለዋል። በፈረንጆች 1987 የወጣው፣ ስክሪን የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራምም በዚህ ከቲመክስ አይለይም።

ማሳለፍ የሚቻለው ትእዛዙን ፖስታ ውስጥ አድርጎ ነው። ፖስታው በኤስኬፕ (ለተርሚናል ትእዛዝ መጀመሩን በሚነግረው የማይታይ ምልክት) እና በትልቁ የላቲን ፒ ይከፈታል፤ ቀጥሎ ቲመክስ የሚለው ስም በትናንሽ የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ ሰሚኮለን። በኤስኬፕ እና በባክስላሽ ይዘጋል። ኤስኬፕ በስክሪፕት ውስጥ \033 ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ በአሥር ቤት 27 ማለት ነው። መሐል የሚገባው የክሊፕቦርድ ትእዛዝ ደግሞ ይህ ነው፦ ኤስኬፕ፣ የሚዘጋ ካሬ ቅንፍ፣ 52፣ ሰሚኮለን፣ ትንሿ ሲ፣ ሰሚኮለን፣ በቤዝ 64 (ማንኛውንም ባይት በተራ ፊደላትና ምልክቶች በሚጽፈው ዘዴ) የተቀየረው ጽሑፍ፣ መዝጊያው \007።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ፖስታው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኤስኬፕ 2 ጊዜ መጻፍ አለበት። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ «አልደረሰም» ነው፤ ኤስኬፕም እንደዚያው ነው። የላላው ለቲመክስ ነው፣ የጠበቀው ለውጪው ተርሚናል ያልፋል። ማጥበቁ ከተረሳ ቲመክስ ኤስኬፑን ይውጠውና የቀረውን ያሳልፋል፤ የላፕቶፑ ማሳያ ላይ ከካሬ ቅንፍ እና ከ52 የሚጀምር የተዝረከረከ ፊደል ይረጫል። ይህን ያየ ሰው ሌላ ቦታ ሳይፈልግ ኤስኬፖቹን ይቁጠር። መዝጊያዋ ባክስላሽም በፕሪንትኤፍ (ጽሑፉን በሚልከው ኮማንድ) ውስጥ \\ ተብላ ትጻፍ። ፖስታው ሳይዘጋ ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ እዚያው እየገባ ፔኑ (የቲመክስ መስኮት ክፍል) ለጊዜው የደረቀ ይመስላል።

ሁሉም በትክክል ተጽፎም ዝም ካለ ስሪቱን ማየት ነው። በ2022 ከወጣው 3.3 ወዲህ ቲመክስ ይህን በር በነባሪ ዘግቶታል። በኮንፊግ ፋይሉ ላይ «አላው-ፓስትሩ» የሚለውን ምርጫ «ኦን» ማድረግ ያስፈልጋል። መዘጋቱ ተገቢ ነው፤ ክፍት በር ማንኛውም ፋይል ሲታይ በውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ላፕቶፑ ድረስ እንዲደርስ ያደርጋል። ፋይሉን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ የተነሳው ቲመክስ አሮጌውን ምርጫ እንደያዘ ስለሚሠራ ፋይሉን በ«ሶርስ-ፋይል» እንደገና ማስነበብ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት ኮድ) 3 ባይት ነው፣ ቤዝ 64 ደግሞ 3 ባይትን በ4 ምልክት ይጽፋል። ስለዚህ «ሰላም» 12 ምልክት ይሆናል። የሊኑክሱ የቤዝ 64 ኮማንድ በየ76 ምልክቱ መስመር ይሰብራል፤ ያ 19 የአማርኛ ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ አጭር ቃል ተሞክሮ የሠራ ስክሪፕት በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚሰናከለው ለዚህ ነው። የመስመር ርዝመቱን 0 ማድረግ ወይም አዲስ መስመሮቹን መሰረዝ ያድናል።

ስክሪን ላይ ፖስታው ስም የለውም፣ ኤስኬፕም 2 ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ የመሐሉ ትእዛዝ በ\007 እንጂ በኤስኬፕ እና ባክስላሽ መዘጋት የለበትም፤ ፖስታው እዚያው ይቀደዳል። ርዝመትም ይገድባል፦ ከ4.2.1 ጀምሮ 768 ባይት፣ በጣም አሮጌዎቹ ላይ 256። ረጅም ጽሑፍ ከ250 ባይት በታች እየተቆረጠ በየራሱ ፖስታ ቢላክ ለሁሉም ይሆናል።

ላፕቶፑ ላይ ቲመክስ፣ ሰርቨሩም ላይ ቲመክስ ካለ ፖስታው 2 ይሆናል፤ የመሐሉ ኤስኬፕ 4 ጊዜ ይጻፋል፣ በሦስተኛው ንብርብር 8። እውነት ለመናገር እዚህ ደረጃ ላይ ማሸጉን መተው ይሻላል። ክሊፕቦርድን ቲመክስ ራሱ ያውቀዋል፤ «ሴት-ክሊፕቦርድ» የሚለው «ኦን» ከሆነ ትእዛዙን ያለ ፖስታ ተቀብሎ ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ነባሪው «ኤክስተርናል» ነው፤ ይህ ለቲመክስ እንጂ ውስጥ ላሉት ፕሮግራሞች አይፈቅድም። ፖስታ የሚገባው ቲመክስ ለማያውቀው፣ ደግሞም ጠቋሚውን ለማያንቀሳቅስ ትእዛዝ ነው። ሥዕል በፖስታ ቢላክ ቲመክስ ሥዕሉ መኖሩን አያውቅም፤ ፔን ሲቀየር እንደተለጠፈ ይቀራል፣ ወይም ጽሑፍ ይደረብበታል።

ስክሪፕቱ ማሸግ እንዳለበት የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ የቲመክስን የኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ቲመክስ ለውስጡ ፕሮግራሞች የሚያስቀምጠውን መረጃ) አይቶ ነው። ያ ቫሪያብል ግን በኤስኤስኤች ተሻግሮ አይሄድም። ቲመክሱ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ያለው ስክሪፕት ባዶ ያገኛል፣ ሳያሽግ ይልካል፣ መልእክቱም ላፕቶፑ ደጃፍ ላይ ይጣላል። የሚሻገረው የተርሚናሉ ዓይነት ስም ነው፤ እሱ በቲመክስ ወይም በስክሪን የሚጀምር ከሆነ መሐል ላይ አንድ አለ ማለት ነው።