ሰባት ቤት

ዛሬ እዚህ ለንደን፣ አሮጊቷ እንግሊዛዊት ጎረቤቴ ሻይ ጠርታኝ አንድ የጋብቻ ወረቀት አሳየችኝ፤ የ1858 እ.ኤ.አ.። ሙሽራዋ የቅድመ አያቷ እናት ናት። ፊርማዋ ቦታ ላይ አንዲት የተንጋደደች ኤክስ ብቻ። ብዕሩን አጥብቃ ይዛው መሰለኝ፣ ጫፏ ላይ ቀለሙ ተድበልብሏል።

የአባቷ ስምና ሥራ ተጽፏል፤ ሸማኔ። የእናቷ ስም? ቦታም የለው። እንግሊዝ የእናትን ስም በጋብቻ መዝገብ ላይ ያስገባችው ገና በ2021 ነው አለችኝ።

እኔም ልፎክር ብዬ በቃሌ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት (ስድስተኛው ላይ ትንሽ ተደናቀፍኩ እንጂ)።

ጸጥ ብላ ሰማችኝና "ሴቶቹስ?"

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። የቅድመ አያቷን፣ የሴቷን፣ ስም ስጠይቃት "ቆይ እስቲ..." ብላ ዝም አለች።